በረሮ ያስቸገራችሁ፣ ዛሬ ጠይቁኝ

ቤት ለቤት እየዞርኩ ተባይ በማጥፋት ነው የምተዳደረው። አስቀድሜ ልናገር፦ የእርሻ ማላታዮን፣ ማለትም የሰብል ተባይ መርዝ፣ ቤት ውስጥ አይረጭም።

የጀሞዋ፦ ጋሼ፣ ቤቴ በረሮ ገብቷል፤ ምን ይሻለኛል?

መላሽ፦ የቱ በረሮ? ትንሹ ወይስ ትልቁ? የት አየሽው?

የጀሞዋ፦ ትንንሽ ቡናማ። ማታ ኩሽና መብራት ሳበራ ይበታተናሉ።

መላሽ፦ እንዲህ ንገሪኝ እንጂ! ከራሱ ኋላ ሁለት ጥቁር መስመር ካለው የጀርመን በረሮ ነው፤ 1.5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። በካርቶን፣ በአሮጌ ፍሪጅ፣ በአስቤዛ ዘንቢል ተጭኖ ይገባል። የተፈጨ ቁንዶ በርበሬ የመሰለ ኩስ ካየሽ ጎሬው እዚያው ነው። ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘ ከረጢት ሊፈለፈል እስኪደርስ ድረስ ከኋላዋ አንጠልጥላ ትዞራለች። ፍሊት ስትነፊባት ያልሞተችው ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ትፈለፍላለች። ስለዚህ የበረሮ ጄል ግዢ፤ መርዝ ያለበት ማባበያ ምግብ ነው። በፍሪጅ ሞተር አጠገብ፣ በምድጃ ጀርባ፣ በቁም ሳጥን ማጠፊያ ጠብ ጠብ አድርጊ። በልቶ ጎሬው ገብቶ ይሞታል፤ ኩሱንና ሬሳውን የበሉትም ይከተሉታል። ጄሉ ላይ ፍሊት እንዳትነፊ፣ አይበሉልሽም። ማጠቢያውም ደርቆ ይደር፤ ረሃብ ይችላል፣ ጥም አይችልም።

አራተኛ ፎቅ፦ ከሽንት ቤት የሚወጣው ትልቁ ቀዩስ?

መላሽ፦ የአሜሪካ በረሮ ነው፣ ከማንሆል። የወለሉን ፍሳሽ ወንፊት አልብሰው። የማትታጠብበት ሻወር ካለ በየሳምንቱ ውሃ ድፋበት፤ ሲፎኑ (ውሃ የሚቋጥረው የፍሳሽ ቧንቧ ጥምዝ) ከደረቀ መንገድ ተከፈተለት።

የእማማ ልጅ፦ እናቴ ወገርት ስታጨስ ድራሻቸው ይጠፋል።

አራተኛ ፎቅ፦ ወገርት ለእባብ ነው! ለበረሮ ጤና አዳም ነው።

የእማማ ልጅ፦ ጤና አዳሙን ለቡና ተወው።

አራተኛ ፎቅ፦ ቡና በጤና አዳም? እኛ ቤት በጨው ነው።

መላሽ፦ ቡናችሁን ሌላ ቀን ጠጡ። ጭስ ወደ ጎረቤት ያሻግራቸዋል፤ ጎረቤት ሲያጨስ ደግሞ ይመለሱላችኋል። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የቧንቧ ቀዳዳውን ድፈኑ።

የሰሚቱ፦ ነጭ በረሮ አየሁ። አዲስ ዘር መጣ እንዴ?

መላሽ፦ ቆዳውን ገና የጣለ ነው። በሰዓታት ውስጥ ይጠቁራል።

አዲስ ገቢ፦ ቤቴ በረሮ ገብቷል፣ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ ከላይ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ አነበብኩ። በሃይላንድ የተቀዳ ማላታዮን ገዝቻለሁ፤ ስንት ውሃ ልቀላቅልበት?

መላሽ፦ ምን አነበብክ ታዲያ? ምንም አትቀላቅል! ክዳኑን ግጠምና ልጅ የማይደርስበት ቆልፍበት። ሃይላንድ ያየ ልጅ ውሃ ነው ብሎ ነው የሚያነሳው።