ደሴ ላይ የባህር ውሃ አኳሪየም፦ ከመብራቱና ከኮራሉ በፊት ትንፋሹ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ሆጤ በተከራየሽው ቤት 90 በ45 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ መስታወት አሠርተሽ ክላውን የሚባሉ ሁለት ትንንሽ የባህር ዓሦችና ጥቂት ኮራል (ሕያው የባህር እንስሳ ነው) ማኖር ፈልገሻል። «ከምን ልጀምር፣ የአፍዴራ ጨው ይሠራል ወይ፣ በዚህ ብርድስ ይሆናል ወይ» ብለሻል። አብሽሪ፣ ይሆናል። እኔ ኮምቦልቻ ጀምሬው ኋላ ደሴ ስገባ ይዤው ስለወጣሁ የሁለቱንም ከተማ ጠባይ አውቀዋለሁ። ርዝመቱን ቻይኝ።

ኢንተርኔት ላይ የምታገኚው ምክር በአብዛኛው የተጻፈው ባህር ጠረፍ አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። ደሴ ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነች። የአየሩ ግፊት ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ጨዋማ ውሃ ከተራ ውሃ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ጠረፍ ላይ በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር የባህር ውሃ ወደ 6.8 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል፤ ያንኑ ውሃ ደሴ ብታወጪው ከ5 ብዙም አያልፍም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነች ትንሽ ትሻላለች። ዓሣውን ይገድለዋል ማለቴ አይደለም። መጠባበቂያ የለውም ማለቴ ነው፤ አንድ ነገር ሲጓደል ጦሳ ተራራን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚወጣ የቆላ እንግዳ ቶሎ ያለከልካል።

የሚጓደለው ደግሞ የታወቀ ነው፣ መብራት። መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ የሚጨነቀው ስለ ሙቀቱ ነው። 160 ሊትር ውሃ ግን ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ በብርድ ልብስ ጎንና ጎኑን ብትጠቀልይው ሰዓታት ይታገሳል። ኦክስጅኑ አይታገስም። ዓሣው፣ ድንጋዩ ላይ የሰፈረው ባክቴሪያ፣ ሌሊት ሌሊት ኮራሉም ጭምር ኦክስጅን ይወስዳሉ፣ ውሃው ከቆመ ደግሞ ከላይ የሚተካ የለም። ስለዚህ የመጀመሪያ ግዢሽ በ12 ቮልት የምትሠራ ትንሽ የውሃ ማንቀሳቀሻ ፓምፕና አንድ የሶላር ባትሪ ይሁን። 10 ዋት የምትበላ ፓምፕ ከአንድ አምፒር በታች ነው የምትስበው። 50 አምፒር ሰዓት የሆነ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብትጠቀሚበት እንኳ ሌሊቱን አልፎ ማግስቱን ያውልልሻል። ሂተሩን በባትሪ ለማሠራት አትሞክሪ፣ በአንድ ማታ ይጨርስብሻል። ፓምፗን ወደ ላይ አቅንተሽ የውሃው ገጽ ሁልጊዜ እየተናወጠ እንዲቆይ አድርጊ፤ ኦክስጅን የሚገባው በዚያ ነው። አናቱንም በመስታወት አትድፈኚው፣ ዓሣ እንዳይዘል መረብ ይበቃል። ስኪመር መግዛት ከቻልሽ ቆሻሻውን በአረፋ ከማውጣቱ ሌላ አየር ያስገባልሻል፤ ለእኛ ከፍታ ዋጋው ድርብ ነው።

መብራቱ ሲመለስም ከፍ ዝቅ እያለ ነውና ስታቢላይዘር አድርጊ። ገመዶቹ ሶኬት ከመድረሳቸው በፊት ወደ ታች ወርደው ይታጠፉ፣ በገመዱ የሚወርድ የጨው ውሃ ሶኬት ውስጥ እንዳይገባ። ከሥር ሌላ ገንዳ ያለው ሲስተም ቪዲዮ ላይ ያምራል። ነገር ግን ፓምፑ በቆመ ቁጥር የላይኛው ውሃ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ልኩ በደንብ ካልተሠራ ምንጣፍሽ ላይ ነው የሚያድረው። ለመጀመሪያ ጊዜ ይቅርብሽ።

ማንም የማይነግርሽን አንድ ነገር ልጨምር። ደሴ ሲበርድ ከሰል ቤት ውስጥ ይገባል፤ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ይሟሟና ፒኤች ያወርዳል፣ ማለትም ውሃውን ወደ አሲድነት ይገፋዋል፤ አጽም የሚሠሩ ኮራሎች ደግሞ ፒኤች ሲወርድ እድገታቸው ይዘገያል። የአየር ፓምፕ ካለሽ ጭሱን ስቦ ቀጥታ ውሃው ውስጥ ነው የሚነፋው። ቡናው ይቅር አልልም፣ ወሎ ላይ ይህን ብል ማን ይሰማኛል። ማንደጃው ሌላ ክፍል ይሁን፣ መስኮት ይከፈት፣ የአየር ቱቦውም ከውጭ እንዲስብ አድርጊ።

ወደ ጨውሽ ልምጣ። የአፍዴራ ጨው አይሆንም። የባህር ውሃ ውስጥ ከሟሟው ጨው 85 በመቶ ያህሉ ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ የቀረው ማግኒዚየም፣ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና ሌላም ነው። ኮራሉን የሚያኖረው ያ የቀረው ነው። ጨው በፀሐይ ሲመረት ሶዲየም ክሎራይዱ ቀድሞ ይጠጥርና ማግኒዚየሙ በአብዛኛው ከተራፊው ውሃ ጋር ይቀራል። ለወጥ የተባለው ላይ ደግሞ አዮዲን ተጨምሮበታል። ስለዚህ ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀውን የባህር ጨው ነው የምትገዢው፣ በሊትር ከ36 እስከ 38 ግራም። ለአንቺ ልክ ለመጀመሪያው ሙሌት ወደ 6 ኪሎ ይፈጃል። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ 15 ሊትር ብትቀይሪ በየጊዜው ከግማሽ ኪሎ ትንሽ በላይ ነው። ገዝተሽ ከመጀመርሽ በፊት ቢያንስ የጥቂት ወራት ጨው እጅሽ ላይ ይኑር፤ አዲስ አበባ አለቀ ከተባለ ኮምቦልቻ ገበያ አታገኚውም።

ጨውን ዓሣ ባለበት ውስጥ በፍጹም አትበጥብጪ። ንጹሕ ባልዲ ውስጥ በፓምፕ እየተናወጠ ያድርና ውሃው ጥርት ሲል፣ ሙቀቱም ከገንዳው ጋር ሲስተካከል ጨምሪው። ጨዋማነቱን በሪፍራክቶሜትር ለኪ፤ 35 ግራም በኪሎ፣ ክብደቱን ከንጹሕ ውሃ ጋር በሚያነጻጽረው መለኪያ 1.025 ወይም 1.026 ነው የምንፈልገው። ውሃው ሲተን ጨው አይተንም፤ የጎደለውን የምትሞይው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው። መስታወቱ ላይ በማርከር መስመር አስምሪና በየቀኑ እስከዚያ ሙይ። ደሴ ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ ውሃው ሞቃት ስለሆነ ከምትገምቺው በላይ ይተናል።

ውሃውስ? ቧንቧ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሮቶ ውስጥ ይቆያል፣ ክሎሪንም ማዕድንም ይኖረዋል። አርኦ በሚባለው፣ ውሃን በግፊት በረቂቅ ወንፊት በሚያሳልፍ ማጣሪያ ማለፍ አለበት። ማጣሪያው በደንብ እንዲሠራ ከ3 እስከ 4 ባር ግፊት ስለሚፈልግ፣ ሮቶው ጣሪያ ላይ ቢሆንም አይበቃውምና ግፊት የምትጨምር ትንሽ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሦስት አራት ሊትር ያፈስሳል፤ እሱን ለልብስ አጠቢበት። አንዳንዱ ሰው «የክረምት ዝናብ ደሴ ሞልቶ እያለ ምን ማጣሪያ» ይልሻል። ዝናቡ ንጹሕ ነው፣ ቆርቆሮው ነው ችግሩ። የተለበጠበት ዚንክ በትንሽ መጠን እንኳ ቀንድ አውጣና ኮራል ይጎዳል።

ሙቀት ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይበቃል፤ እኔ 24 ተኩል ላይ ነው የማቆየው፣ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ ኦክስጅን ይበልጥ ስለሚይዝ። ለአንቺ 200 ዋት የሚሆን ሂተር፣ ቢቻል ከአንድ ትልቅ ይልቅ ሁለት ባለ 100። አንዱ ቢበላሽ አይበርድም፣ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀርም አይቀቅልም። ከኋላና ከጎን ፎም ለጥፊበት፤ ጥቅምትና ኅዳር ሌሊት ላይ ልዩነቱን ታይዋለሽ። ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቬንትሌተር ውሃው ገጽ ላይ እንዲነፍስ አድርጎ በትነት ማቀዝቀዝ ነው መላው።

ድንጋዩ የገንዳው ማጣሪያ ነው፤ ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ባክቴሪያ ይሰፍርበታል። የቦርከናን ጥቁር ድንጋይ እንዳታመጪ፣ ከባድና ድፍን ነው። ለአኳሪየም የሚሸጠውን ደረቅ ድንጋይ ግዢ፣ አስገቢ፣ ትንሽ የዓሣ ምግብ ጣል አድርጊና ጠብቂ። የበሰበሰው ምግብ ዓሣ የሚመርዝ አሞኒያ ይሆናል፣ አንዱ ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጠዋል። ይህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ይበልጥ ይዘገያል። በቴስት ኪት አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ እስኪሉ ዓሣ የለም። በመሃል ሁሉም ነገር ቡናማ ይለብሳል፣ ከዚያ አረንጓዴ ይመጣል። አትደንግጪ፣ ሁሉንም ቀድተሽ አትድፊ። የሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ለለመደ እንግዳ ባዶ ድንጋይ ተቀምጦ ማየት እንደሚያስቀው አውቃለሁ፤ ዓሣው ሲገባም «ይበላል ወይ» ማለቱ አይቀርም።

ዓሣው በእርባታ የተወለደ ክላውን ይሁን፣ ሁለት ብቻ። መንገዱን አስቢበት። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፣ እንደገና ደሴ ይወጣል። ዓሣው ከውሃና ከአየር ጋር ታሽጎ የሚመጣበት ላስቲክ ሙሉ በሙሉ ተወጥሮ ከታሰረ፣ የውጭው ግፊት ሲቀንስ ውስጡ ያለው አየር ስለሚሰፋ ጣርማበር ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ላላ ተደርጎ፣ ድርብ ላስቲክ፣ ፎም ሳጥን ውስጥ ይሁን ብለሽ ሻጩን ለምኚ። ሲደርስ ላስቲኩን ሳትፈቺ ገንዳው ላይ አንሳፍፊው፣ ሙቀቱ ይስተካከል። ከከፈትሽው በኋላ ግን የገንዳውን ውሃ ለሰዓታት ላስቲኩ ውስጥ ማንጠባጠብ የሚሉትን ተዪ። በጉዞው ላስቲክ ውስጥ አሞኒያ ይጠራቀማል፤ ታሽጎ ሳለ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ፒኤቹን ዝቅ ስለሚያደርገው እምብዛም አይመርዝም፣ ሲከፈት ግን ፒኤቹ ይወጣና አሞኒያው ይከፋል። ሻጩ ውሃውን በስንት ጨዋማነት እንደሚያቆይ ቀድመሽ ጠይቂና ያንቺን ለዚያ አዘጋጂ፤ ከዚያ ዓሣውን ብቻ በመረብ አሻግሪ። የላስቲኩን ውሃ ድፊው።

ኮራል ከዓሣው ሁለት ሦስት ወር በኋላ፣ ለስላሳዎቹን፦ ዞአንቲድ፣ ዜኒያ፣ የቆዳ ኮራል። መካከለኛ ኤልኢዲ ብርሃን በቀን ስምንት ሰዓት ይበቃቸዋል። አልካሊኒቲው (ውሃው ፒኤቹ እንዳይወርድ የሚቋቋምበት አቅም፣ በዲኬኤች የሚለካ) ከ8 እስከ 9 ዲኬኤች ላይ ሳይዋዥቅ ይቆይ፤ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም። ዞአንቲድን በባዶ እጅ አትንኪ፤ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ጓንት፣ መነጽር፣ ልጆች ገለል። ዞአንቲድ ያለበትን ድንጋይ ለማጽዳት ብለው ቀቅለው በእንፋሎቱ ሆስፒታል የገቡ ቤተሰቦች አሉ። በፍጹም አትቀቅዪ። ክላውን የሚጠለልበትን አኔሞን የተባለ የባህር እንስሳ ገንዳሽ ዓመት ሳይሞላው አታስቢ፣ ክላውኖቹ ያለ እሱም ይኖራሉ። የአሰብ መንገድ ከኮምቦልቻ በባቲ ስለሚሄድ «ከቀይ ባህር ላምጣልሽ» የሚል ሹፌር ቢመጣ እሺ እንዳትዪ፤ ድንጋያማ ኮራል ያለ ፈቃድ ድንበር አይሻገርም፣ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና እጽዋት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።

መስታወቱን ገና ካላዘዝሽ ባለ 10 ሚሊ ይሁን። ሲሊኮኑ ፀረ ሻጋታ የሌለበት፣ ሲደርቅ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ነው፤ ቢያንስ ሳምንት ይድረቅ፣ ከዚያ ተራ ውሃ ሞልተሽ በረንዳ ላይ ይደር። ሞልቶ ከነድንጋዩ ከ220 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ቤትሽ የጣውላ ወለል ካለው ግድግዳው ሥር፣ ተሸካሚዎቹ ላይ ተሻግሮ ይቀመጥ። ለአከራይሽም መቆሚያውን ለማሠራት ብረት በያጁ ጋ ከመሄድሽ በፊት ንገሪያቸው።