ጭንብሉ ሲወልቅ፦ ስፓይደርማንን ማን አሳምሮ ተጫወተው?

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሸፍኗት ሳለ፣ የፊልም ወዳጆች ቡና ተፈልቶልን ተሰብስበን ነበር። ጨዋታው አንድ ነገር ላይ ተተከለ፤ ከቶቢ ማግዋየር፣ ከአንድሩ ጋርፊልድና ከቶም ሆላንድ ስፓይደርማንን አሳምሮ የተጫወተው የትኛው ነው? ክርክሩ በአቦል ተጀምሮ በረካ ድረስ አልበረደም። እኔ በዚህ ከተማ ለዓመታት ቪዲዮ ቤት ስለነበረኝ፣ የሦስቱንም ፊልሞች ደጋግሜ ስላየሁ ጥያቄው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የተጠየቅሁትንና የመለስሁትን እንዲህ ጽፌዋለሁ። የፊልሞቹ ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ ይንገሩን። ማን ይበልጣል? (ከኮምቦልቻ የመጣ የፋብሪካ ሠራተኛ)

ቶቢ ማግዋየር። በተለይ በ2004 በወጣው ሁለተኛው ፊልም።

መለኪያዬ አንድ ነው፤ ጭንብሉን ሲያወልቅ ከሥሩ ማን ይወጣል? በሕንፃዎች መካከል መብረሩን ኮምፒውተር ይሠራዋል። ከጭንብሉ ሥር ያለውን ፒተር ፓርከርን ግን የሚሠራው ተዋናዩ ብቻ ነው። ፒተር ወላጅ የሌለው፣ አጎቱና አክስቱ ያሳደጉት፣ ኪራይ የሚያስጨንቀው ልጅ ነው። በሁለተኛው ፊልም ፒዛ ሲያደርስ አርፍዶ ከሥራ ይባረራል፤ አከራዩ በር ላይ ይጠብቀዋል። አክስቱ ሜይ ደግሞ ባንክ ቤታቸውን ሊወስድባቸው ደብዳቤ ልኮባቸው እያለ፣ ለልደቱ 20 ዶላር አውጥተው ይሰጡታል። ልጁ «አልወስድም» ሲል ይቆጡና «ተቀበለኝ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ወዲያው እንባቸው ይመጣል። እዚያ ላይ የማግዋየርን ፊት እዩት። የተናገረው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ብሩን ይዞ ብቻ ይቆማል። ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረቻትን ብር ፈትታ «እንካ፣ ለመንገድህ» ያለችውን አያት የሚያውቅ የወሎ ልጅ ሁሉ ያን ፊት ያውቀዋል። መብረር የሚችል ልጅ 20 ዶላር ሲከብደው ማሳየት ቀላል ትወና አይደለም።

ጥያቄ፦ ይህ የትዝታ ፍቅር አይሆንም? ሰው መጀመሪያ ያየውን ነው የሚመርጠው። (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ልክ ነሽ የኔ እህት፣ ትዝታ ያዳላል። የመጀመሪያው ፊልም የወጣው በእኛ ሚያዝያ 1994 ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ሲሆን፣ ያሳየሁትም መስኮቱ በብርድ ልብስ በተጋረደ ክፍል፣ በአንዲት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ለተቀመጡ ልጆች ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ያደገ ሰው ማግዋየርን ቢመርጥ አይደንቀኝም። እኔ ግን ያኔ ልጅ አልነበርሁም፤ ልቤን የወሰደውም የመጀመሪያው ፊልም ሳይሆን ሁለተኛው ነው።

የባቡሩን ትዕይንት ላንሣ። ፍሬኑ የተሰበረ ባቡር ተሳፋሪ እንደጫነ ይከንፋል። ልጁ ከፊት ቆሞ በድሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ሕንፃዎች ይዞ ያስቆመዋል። ልብሱ ተቀዳዷል፣ ጭንብሉ ወልቋል። ባቡሩ እንደቆመ ራሱን ስቶ ወደፊት ሊወድቅ ሲል ከውስጥ እጆች ይዘረጉና ደረቱን ይይዙታል። ከዚያ ተሳፋሪዎቹ ከራሳቸው በላይ አንሥተው፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ወስደው ያስተኙታል። አንዱ ሰውዬ ያየውና ልጅ መሆኑን፣ ከራሱ ልጅ እንደማይበልጥ ይናገራል። ሁለት ታዳጊዎችም ጭንብሉን መልሰው ለማንም እንደማይናገሩ ቃል ይገቡለታል።

ሌላ ጊዜ በየድብደባው የሚጮኹት ልጆች እዚህ ላይ ሲደርሱ ጭጭ ይሉ ነበር። አንድ ቀን ለገበያ ከገጠር የመጡ አዛውንት ከኋላ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩና «በቃሬዛ እኮ ነው የተሸከሙት» አሉ። እንግሊዝኛ አያውቁም፣ ስፓይደርማን ማን እንደሆነም ነጋሪ አልነበራቸውም። ታማሚ በተራ ተሸክመው ከተራራ ወደ መኪና መንገድ ያወረዱ ሰው ግን ያን ትዕይንት ለመረዳት ተርጓሚ አያስፈልጋቸውም። ማግዋየር እዚያ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ከመተኛት በቀር ያደረገው ነገር የለም ትሉኝ ይሆናል። እንደዚያ ተኝቶ እንድናዝንለት ያደረገን ከዚያ በፊት ባሉት ሰዓታት የሠራው ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ አንድሩ ጋርፊልድን ለምን ሁሉም ሰው ይረሳዋል? (ከወልድያ)

እኔ አልረሳውም። በትወና ችሎታ ብቻ ከሆነ ከሦስቱ የሚበልጠው እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2018 በመድረክ ትወናው የቶኒ ሽልማት የወሰደ፣ ለኦስካርም የታጨ ሰው ነው። ፍቅረኛው ግዌንን ከተጫወተችው ከኤማ ስቶን ጋር የነበረው ፍቅር በስፓይደርማን ፊልሞች ውስጥ እጅግ እውነተኛው ፍቅር ነው። ችግሩ ያለው በታሪኩ ላይ ነው። የ2012ቱና የ2014ቱ ፊልሞች ብዙ ነገር ጀምረው ሳይቋጩ ቀሩ፤ ሦስተኛውም ሳይሠራ ቀረ። ፒተሩ ደግሞ ከተገፋ ልጅ ይልቅ በራሱ የሚተማመን መልከ መልካም ወጣት ይመስላል።

ነገር ግን ሦስቱ የተገናኙበትን የ2021ን ፊልም አስታውሱ። በ2014 ፍቅረኛው ግዌን ከሰዓት ማማው ስትወድቅ ድሩ ደርሶባታል፣ ነፍሷን ግን አላተረፈም። በ2021 የሆላንዱ ፒተር ፍቅረኛ ስትወድቅ ጋርፊልድ ዘሎ ይይዛታል። መሬት ላይ ካቆማት በኋላ ደህና መሆኗን ይጠይቃታል፤ የራሱ ፊት ግን ደህና አይደለም፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። መልሳ እሷ ናት የምትጠይቀው። ሰባት ዓመት ሙሉ የተሸከመውን ሐዘን በጥቂት ሰከንዶች አራገፈው። ያን ያየ ሰው ጋርፊልድን ማሳነስ አይገባውም።

ጥያቄ፦ ቶም ሆላንድ ግን በዕድሜም በጠባይም ለልጁ የቀረበው እሱ ነው። እውነተኛ ተማሪ ይመስላል። (የ12ኛ ክፍል ተማሪ)

ይህን እቀበላለሁ። የየራሳቸው የመጀመሪያ ፊልም ሲወጣ ማግዋየር 26፣ ጋርፊልድ 28 ዓመታቸው ነበር። ሆላንድ በ2016 በዚህ ልብስ መጀመሪያ ሲታይ ገና 19 ነበር። ድምፁ ሲቀጥን፣ ሲቸኩል፣ ትልቅ ሰው ፊት ሲርበተበት ልጅነቱ አይካድም። በለንደን መድረክ በ«ቢሊ ኤሊየት» ሙዚቃዊ ድራማ ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተ የዳንስ ልጅ ስለሆነም፣ ሰውነቱ ከሦስቱ ሁሉ ይታዘዝለታል።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ሀብታም ጌታ አለው። ልብሱንም መሣሪያውንም ቶኒ ስታርክ ይሰጠዋል፤ ኪራይ አያስጨንቀውም። በ2017ቱ ፊልም ፍርስራሽ ሥር ተቀብሮ «እርዱኝ» እያለ ሲያለቅስ ነው መጀመሪያ ያመንሁት፤ ያኔ የተሰጠው ልብስ አብሮት የለም። ከዚያም በ2021 ፊልም መጨረሻ ላይ አክስቱን ካጣ በኋላ፣ ዓለም ሁሉ ረስቶት፣ ባዶ የኪራይ ክፍል ውስጥ ልብሱን በገዛ እጁ ይሰፋል። ሆላንድ እዚያ ላይ ገና ፒተር ፓርከር ሆነ። ከዚህ በኋላ የሚሠራው ሐሳቤን ሊያስቀይረኝ ይችላል።

ጥያቄ፦ በውጊያስ ማን ይበልጣል?

ሆላንድ። በዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ እኛ ቤት የሚታየው በአማርኛ የተተረጎመው ነው። የተራኪው ድምፅ የተዋናዩን ሸፍኖት እንዴት እንፍረድ? (ከሐይቅ የመጡ እናት)

እናቴ፣ ትልቅ ጥያቄ ነው ያነሡት። ትርጉም ፊልም ባለውለታችን ነው፤ እናቶቻችንና አያቶቻችን ከልጆቻቸው ጎን ተቀምጠው እኩል የሚስቁት በእሱ ነው። የሚጎዳን አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሁሉም ሰው በአንድ ድምፅ ይናገራል። በመጀመሪያው ፊልም የስፓይደርማንን ጠላት የተጫወተው ዊለም ዳፎ መስታወት ፊት ቆሞ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ቦታ አለ። አንድ ፊት ነው፣ ድምፁ ግን ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ይፈራል፣ ሌላው ያስፈራራል። ትረካው ሲጫንበት ያ ሁሉ ይጠፋል።

እንዲህ ያድርጉ፤ ዓይንዎን ሰውነታቸው ላይ ይጣሉ። ማግዋየር ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ፣ ቦታ የያዘበት ሰው እንዳለ ሁሉ እየተሳቀቀ ይራመዳል። ጋርፊልድ እጅና እግሩ አያርፍም፤ ሲቀመጥ እንኳ እንደ ሸረሪት ይታጠፋል። ሆላንድ ሲወድቅ እንኳ በምት ይወድቃል። ድምፁን ሙሉ በሙሉ ዘግተው አሥር ደቂቃ ቢያዩ ሦስቱን ይለዩአቸዋል።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ከአጥር ላይ እየዘለለ አስቸገረኝ። «ቶቢም ዘሏል» ይለኛል። (ከዚያው እናት)

አብሽሩ፣ ይነገረው። ቶቢ አልዘለለም። ከሕንፃ ሕንፃ የሚበርረው አብዛኛውን በኮምፒውተር የተሳለ ምስል ነው፤ ቀሪውን የሠሩት በገመድ የታሰሩ፣ ለዓመታት የሠለጠኑ የትርዒት ባለሙያዎች ናቸው። ማግዋየር በእውነት የሠራውን ማየት ከፈለገ በመጀመሪያው ፊልም ትምህርት ቤት ምግብ ቤት ውስጥ ያለውን ትዕይንት ያሳዩት፤ የልጅቷን ትሪ ይዞ፣ ከላይ የሚወድቀውን ምግብ አንድ በአንድ የሚቀልብበትን። ያለ ኮምፒውተር የተቀረፀ ነው፤ እስኪሳካ ድረስ ከ150 ጊዜ በላይ ደግመውታል። ልጅዎ መኮረጅ ካማረው ይህን ትዕግሥት ይኮርጅ፤ ትሪውም ፕላስቲክ ይሁን።

ጥያቄ፦ ተዋናዩን ያን ያህል ማሞገስ ልክ ነው? ሁሉንም የሚሠራው ዳይሬክተሩ አይደለም? (መምህር)

መምህር፣ አምባሰል አንድ ቅኝት ነው። ስንቱ ድምፃዊ አዚሞታል፤ ማሪቱ ለገሰ ስታዜመው ግን አምባ ላይ ያቆማል። ይህ ሲባል ማሲንቆው ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። ለማግዋየር ማሲንቆውን የመታለት ዳይሬክተሩ ሳም ራይሚ ነው። ካሜራውን ፊቱ ላይ አቁሞ ታግሦ ይጠብቀዋል፤ ለአክስቱ፣ ለአከራዩ፣ ለተሳፋሪው ሁሉ ጊዜ ይሰጣል። ጋርፊልድ በራይሚ እጅ ቢገባ ኖሮ መልሴ ዛሬ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር። ይህን አምኜ ነው የምናገረው።

ጥያቄ፦ «ከታላቅ ኃይል ጋር ታላቅ ኃላፊነት ይመጣል» ያለው አጎት ቤን ነው፣ አይደል?

በ2002ቱ ፊልም አዎ። በ1962 በወጣው የመጀመሪያ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ግን ንግግሩ የማንም አፍ ውስጥ የለም፤ በመጨረሻው ሥዕል ላይ የተራኪው ጽሑፍ ሆኖ ነው የሚገኘው። በሆላንድ ፊልም ደግሞ የምትናገረው አክስት ሜይ ናት።

ጥያቄ፦ እኛን የሚመስል ስፓይደርማን ሊኖር ይችላል? (የ11 ዓመት ልጅ፣ ከደሴ)

አለ እንጂ ልጄ! ማይልስ ሞራሌስ ይባላል። አባቱ ጥቁር አሜሪካዊ፣ እናቱ ከፖርቶ ሪኮ ናት። በሥዕል መጽሐፍ በ2011 ወጣ፤ በ2018 የተሠራው የአኒሜሽን ፊልሙም ኦስካር አገኘ። ድምፁን የሰጠው ሻሜክ ሙር ነው፤ ፊቱ ሳይታይ በድምፁ ብቻ ስላደረገው ነገር ሌላ ቀን ሙሉ ጨዋታ ያስፈልገናል።

ሌላም ነገር ልንገርህ። ልብሱን የሣለው ስቲቭ ዲትኮ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ሸፈነው። ቆዳው አይታይም። የታሪኩ ፈጣሪ ስታን ሊም ይህን ይወደው ነበር፤ የትኛውም ልጅ፣ መልኩ ምንም ይሁን ምን፣ ከሥሩ ያለሁት እኔ ነኝ ብሎ ማሰብ ይችላልና። አንተም ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንዱን ፊልም ብቻ ማታ ለቤተሰቤ ላሳይ ብል? (ያው የኮምቦልቻው ወጣት)

የ2004ቱን። ባቡሩ ጋ ስትደርስ ትረካ ያለው ከሆነ ድምፁን ቀንሰው፣ መብራቱንም አጥፋው። እናትህን ከፊት አስቀምጥ።