ዳቦና ሩዝ ሲቀነስ ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ካርቦሃይድሬት ቀንሶ ስለ መክሳት ናቸው። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ዳቦ፣ ፓስታና ስኳር ባቆምኩ በመጀመሪያው ሳምንት 3 ኪሎ ቀነስኩ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ምንም አላጠፉም። መጀመሪያ ላይ የወጣው በአብዛኛው ውሃ ነው። ሰውነታችን ከካርቦሃይድሬት የሚያገኘውን ስኳር በከፊል ግላይኮጅን አድርጎ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ካርቦሃይድሬት ሲቀንሱ ይህ ክምችት ይመናመናል፤ ውሃውም አብሮት ይሄዳል። በዚያ ላይ ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ ኢንሱሊን፣ ማለትም የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ዝቅ ይላል፤ እሱ ዝቅ ሲል ኩላሊት ከወትሮው የበለጠ ጨውና ውሃ ያስወጣል።

ስብ እንዲህ በፍጥነት አይቀንስም። በዚህ ሰዓት ተስፋ ቆርጠው የሚተዉ ሰዎች ከልብ ያሳዝኑኛል፣ ምክንያቱም የስቡ ቅነሳ ገና መጀመሩ ነው። አንድ ቀን ጠግበው ዳቦ በልተው በማግስቱ አንድ ኪሎ ጨምረው ቢያገኙትም አይደንግጡ። እሱም ተመልሶ የመጣ ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ ካርቦሃይድሬት እስካልነካሁ ድረስ ሥጋ፣ ቅቤና ለውዝ እንደ ልቤ ብበላ አልወፍርም አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፤ አንድ ግራም ካርቦሃይድሬት ወይም ፕሮቲን ግን 4 ብቻ። ኢንሱሊን ሲቀንስ የተከማቸ ስብ በቀላሉ መለቀቁ እውነት ነው። ጉበትም ከስቡ ኪቶን የሚባል በስኳር ፋንታ የሚያገለግል ነዳጅ ሠርቶ ለአንጎል ጭምር ያቀርባል። ነገር ግን ሰውነትዎ የሚያቃጥለው ስብ ከወገብዎ ብቻ ሳይሆን ከሳህንዎም ይመጣል። ሳህኑ ላይ ብዙ ከሆነ የወገብዎ ባለበት ይቆያል።

ታዲያ ለምን ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ይከሳል? እኔ እንደማምነው ትልቁ ምክንያት ረሃብ መቀነሱ ነው። ፕሮቲን ያጠግባል። ለስላሳ መጠጥ፣ ኬክና ብስኩት ከቤት ሲወጡ ደግሞ ሳይርበን የምንቀማምሰው ነገር አብሮ ይቀራል። ካሎሪ ሳንቆጥር ትንሽ እንበላለን ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ከምግብ ላይ ስብ ከመቀነስና ካርቦሃይድሬት ከመቀነስ የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ስብ የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ካርቦሃይድሬት የቀነሱት 6 ኪሎ ከሱ። ልዩነቱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በሁለቱም ወገን ብዙ ኪሎ የቀነሰ አለ፤ ጭራሽ የጨመረም አለ። ስለዚህ ከዓመት በኋላም ሊበሉት የሚችሉትን ይምረጡ። ዳቦ ከሌለ ምግብ የበላሁ አይመስለኝም የሚሉ ከሆነ ይህ መንገድ የእርስዎ አይደለም፤ ሌላውም ያደርሳል።

ጥያቄ፦ ከጀመርኩ ወዲህ ራሴን ያመኛል፣ ሆዴም ደረቀ።

መልስ፦ ራስ ምታቱ ብዙ ጊዜ ከውሃውና ከጨው መውጣት ጋር የተያያዘ ነው፤ በቀናት ውስጥ ይተዋል። ውሃ ይጠጡ። የደም ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ከሌለብዎት ሾርባዎ ላይ ትንሽ ጨው ጣል ያድርጉ። ለሆድ ድርቀቱ ቅጠላ ቅጠል ያብዙ።

ጥያቄ፦ እናቴ ስኳር አለባት፣ ኢንሱሊን ትወጋለች። አብራኝ ብትጀምርስ?

መልስ፦ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ በፍጹም እንዳይጀምሩ። ምግቡ ቀንሶ የኢንሱሊኑ መጠን ግን እንደ ድሮው ከቀጠለ የደም ስኳራቸው በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። አንዳንድ የስኳር ክኒኖችም ያው አደጋ አላቸው። እንደ ኢምፓግሊፍሎዚን ያለ፣ ስኳርን በሽንት የሚያስወጣ ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ የስኳር ልኬቱ ደህና መስሎ እያለ ደሙ በኪቶን ብዛት አሲድ ሊሆንበት ይችላል። ስለዚህ የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ይዛችሁ መጀመሪያ ሐኪማቸው ዘንድ ሂዱ። ሐኪማቸው ከፈቀዱ፣ መድኃኒቱን ካስተካከሉና ስኳራቸውን ቶሎ ቶሎ መለካት ከቻሉ አብራችሁ መጀመር ትችላላችሁ።