መልማዩ በግማሽ የተወው ምክር

ደብዳቤው ባጭሩ እንዲህ ይላል። ጸሐፊዋ በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ ግዛት፣ ሱ ፎልስ የምትኖር የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በሚቀጥለው ወር 18 ዓመት ይሞላታል። አባቷ ስጋ ፋብሪካ ሲሠሩ ወገባቸውን ተጎዱ። ሐኪም ያዘዘላቸው የህመም ማስታገሻ ኪኒን ቀስ በቀስ ሱስ ሆነባቸው። እናቷ የሌሊት ሺፍት ነው የሚሠሩት። ሁለት ታናናሾቿን አብልታ የምታስተኛው፣ ጠዋትም ቀስቅሳ ትምህርት ቤት የምታደርሰው እሷ ናት። ከጓደኛዋ ጋር «ዊንተርስ ቦን» የሚባለውን ፊልም አይታ፣ «ልጅቷ እኔኑ መሰለችኝ። ሠራዊቱ ለፈረመ ሰው ለሚሰጠው ቦነስ ብዬ ወታደር ልሁን ወይስ ልቅር?» ስትል ትጠይቃለች።

እህቴ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ ቁጭ ብዬ ፊልሙን እንደገና አየሁት። ላላዩት አንባቢዎች ጥቂት ልበል። ዴብራ ግራኒክ ያዘጋጀችው፣ በ2010 የወጣ ፊልም ነው። ጄኒፈር ላውረንስ ገና ስሟ ሳይገን የሠራችው ነው። ታሪኩ ሚዙሪ ውስጥ፣ ኦዛርክስ በሚባለው ተራራማ ገጠር ይካሄዳል፤ የተቀረጸውም እዚያው ነው። ሪ ዶሊ 17 ዓመቷ ነው። አባቷ ሜት የሚባለውን ዕፅ የሚያበስል ሰው ነው። ተይዞ፣ ቤቱንና መሬቱን ለዋስትና አስይዞ ይወጣና ይሰወራል። በቀጠሮው ቀን ፍርድ ቤት ካልቀረበ ቤተሰቡ ሜዳ ላይ ይወድቃል። እናትየው አእምሯቸው ታሞ ዝም ብለዋል። የ12 ዓመት ወንድምና የ6 ዓመት እህት አሏት። ስለዚህ ሪ አባቷን ፍለጋ በብርድ ከቤት ቤት ትዞራለች። በር የምታንኳኳባቸው አብዛኞቹ የሥጋ ዘመዶቿ ናቸው። የሚያውቁም አሉ፤ የሚናገር ግን የለም።

አንቺ ያነሳሽው ትዕይንት የመልማዩ፣ ወታደር የሚመለምለው ሰውዬ ነው። ወጣቶችን ለማማከር ሥራዬ ከዚህ የቀረበ ትዕይንት በፊልም አላየሁም። ሪ ትገባና ለፈረመ ሰው የሚሰጠውን 40,000 ዶላር እንደምትፈልግ ትናገራለች። ሰውየው አይቸኩልም። ለምን እንደፈለገችው ይጠይቃታል። ገንዘቡ ዛሬ ፈርማ ነገ የምትቀበለው እንዳልሆነ ያስረዳታል። በ17 ዓመቷ የወላጆቿ ፊርማ እንደሚያስፈልጋት፣ ሕፃናቱንም ይዛ መግባት እንደማትችል ይነግራታል። ቤት ቆይቶ ልጆቹን መጠበቅም የራሱን ጀግንነት እንደሚጠይቅ ይነግራታል። ሰውየው በሙያው ተዋናይ አይደለም፤ በእውነተኛ ሕይወቱም የሠራዊቱ መልማይ ነው። ምናልባት ለዚህ ይሆናል አነጋገሩ የሚታመነው።

መልማዩን አከብረዋለሁ። አንድ ሰው ማስፈረም ሥራው ሆኖ ሳለ እውነቱን ነገራት። ምክሩ ግን ግማሽ ነው። ቆዪ አላት፤ በምን እንደምትቆይ አልነገራትም። ሪ ከዚያ ቢሮ እንደገባች ባዶ እጇን ወጣች። እኔ የምጽፍልሽ ስለ ሌላኛው ግማሽ ነው።

መጀመሪያ ስለ ቦነሱ። አንድ ጊዜ አንድ ልጅ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ይዞ ቢሮዬ መጣ። የቦነሱን ቁጥር በሰማያዊ እስክሪብቶ ሦስቴ አስምሮበታል። ከቁጥሩ በታች ያሉትን ጥቃቅን መስመሮች አላነበበም ነበር። አብረን አነበብናቸው። ገንዘቡ የሚከፈለው ስልጠናውን ሲጨርስ ነው፤ ከዚያም በየዓመቱ እየተከፋፈለ። የተመደበበትን ሙያ ከለወጠ ደግሞ ይቀራል። ግብርም ይቆረጥበታል። ልጁ ወረቀቱን መልሶ አጥፎ ኪሱ ከተተና ለረጅም ጊዜ አልተናገረም።

ወታደርነትን አልነቅፍም። ለብዙ የእኛ ልጆች በር ከፍቷል። በንቁ አገልግሎት፣ ማለትም በሙሉ ጊዜ ወታደርነት፣ 36 ወር ያገለገለ ሰው ጂአይ ቢል በሚባለው የወታደሮች የትምህርት ድጋፍ በኩል የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ክፍያው ሙሉ በሙሉ ይሸፈንለታል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ስትፈርሚ የምትገቢበትን እወቂ። ውሉ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቢልም አጠቃላይ ግዴታው 8 ዓመት ነው፤ ቀሪው በተጠባባቂነት ይቆጠራል። የሠራዊቱ መሠረታዊ ስልጠና ብቻውን 10 ሳምንት ይፈጃል። በእነዚያ 10 ሳምንታት ታናሽሽን ማን እንደሚቀሰቅሰው አሁን መልስ አለሽ? ከሌለሽ አትፈርሚ። 18 ሲሞላሽ የወላጅ ፊርማ አይጠየቅም፤ ስለዚህ የሚያስቆምሽ ሰው አይኖርም። ምናልባት እስካሁን ፈርመሽ ከሆነም አትደንግጪ። ወደ ስልጠና ከመላክሽ በፊት ሐሳብሽን ብትቀይሪ መውጣት ትችያለሽ። መልማይሽ አይቻልም ቢልሽም ይቻላል።

አሁን ወደ ሌላው ነገር ልምጣ። በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር አለ። ባለፈው ክረምት የእናትሽ መኪና ፍሬን ሲያስቸግር፣ ዩቲዩብ እያየሽ በበረዶ ውስጥ የፍሬን ሸራውን ራስሽ ቀየርሽው። «ሌላ አማራጭ ስላልነበረን ነው» ብለሻል። እኔ ግን እዚያ መስመር ላይ ቆምኩ። ልጅ ስለምታሳድጊ፣ አባትሽንም ስለምታስታምሚ፣ ሰው ሁሉ ነርስ ሁኚ እንደሚልሽ እገምታለሁ። ነርስነት ደስ የሚልሽ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ግን እቤት ውስጥ ሕመምተኛ ስላለ ብቻ ዕድሜ ልክሽን ሕመምተኛ እንድትንከባከቢ የሚያስገድድሽ የለም። ያንን ፍሬን ስትቀይሪ ሰዓቱ እንዴት እንዳለፈ ታስታውሻለሽ? እስቲ በዚያ ላይ አስቢበት።

ይህን የምልሽ በሕልም አይደለም። ቢልድ ዳኮታ የሚባለው ስኮላርሺፕ እዚያው እናንተ ግዛት ያለ ነው። በደቡብ ዳኮታ የቴክኒክ ኮሌጆች ውስጥ የሰው ኃይል በሚፈለግባቸው ሙያዎች ለሚማሩ ሙሉውን ይሸፍናል፤ የትምህርት ክፍያ፣ መጽሐፍ፣ የሥራ መሣሪያ ጭምር። መኪና ጥገና፣ ብየዳ፣ የጤና ሙያዎችም አሉበት። በምላሹ የሚጠይቅሽ ከተመረቅሽ በኋላ እዚያው ግዛት ውስጥ በሙያሽ ሦስት ዓመት እንድትሠሪ ነው። ለሌላ ሰው ይህ ማሰሪያ ነው። አንቺ ግን መሄድ የማትፈልጊ ልጅ ነሽ። ሳውዝኢስት ቴክኒካል ኮሌጅ ደግሞ እዚያው ሱ ፎልስ ነው፤ ማታ ልጆቹ እራት ላይ ትደርሻለሽ።

እሱ ባይሳካ እንኳ ፔል ግራንት የሚባለው፣ መንግሥት አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው ድጋፍ አለ። በ2025–26 የትምህርት ዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይሰጣል፤ የማይመለስ ገንዘብ ነው። ለዚያ ፋፍሳ የሚባለውን የተማሪዎች የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ቅጽ መሙላት ያስፈልጋል። የቤታችሁ ነገር ቅጹን የሚያወሳስበው ከሆነ፣ ለምሳሌ አባትሽ መረጃ አልሰጥም ካሉ፣ የኮሌጁን የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ሄደሽ አነጋግሪ። እንዲህ ያለ ቤት ሲያጋጥማቸው የመጀመሪያቸው አትሆኚም።

እዚህ ጋ እንደምታመነቺ አውቃለሁ። ቢሮ ገብቶ «አባቴ የኪኒን ሱስ አለበት» ማለት ለእኛ ቤት ልጅ ቀላል አይደለም። ገመና ነው። ሰው ምን ይላል አለ። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቁን ይሰሙ ይሆናል አለ። ፊልሙ ውስጥ ደግሞ አንቺ ያላነሳሽው ትዕይንት አለ። ጎረቤቶች ከቤታቸው ፊት ለፊት አጋዘን ገፈው ስጋውን ይበልታሉ። ትንሹ ወንድም እነሱን ሄደን እንጠይቅ ወይ ይላል። ሪ ትከለክለዋለች። ሳይጠየቁ መስጠት የነበረባቸውን ነገር ለምኖ መቀበል አይገባም ነው ነገሯ። ኩራቷ ልቤን ነካው። እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ግን እህቴ፣ የትምህርት ቤት ካውንስለር፣ የተማሪዎች አማካሪዋ ቢሮ የጎረቤት አጥር አይደለም። እዚያ የተቀመጠችው ሴት ደሞዝ የሚከፈላት አንቺ እንድትጠይቂያት ነው። ካልጠየቅሽ አታውቅም፤ ካላወቀች አትሰጥም። ይሉኝታሽን ለእንግዳ ተዪው።

የማመልከቻ ድርሰት ሲጠይቁሽ ደግሞ ስለ አባትሽ ገመና ገጽ ሙሉ አትጻፊ። እሱ የእሳቸው ታሪክ ነው፤ የመናገር መብቱም የእሳቸው ነው። አንቺ ያደረግሽውን ጻፊ። ስንት ሰዓት እንደምትነሺ፣ ማንን እንደምታደርሺ፣ የፍሬኑን ሸራ እንዴት እንደቀየርሽ። አንባቢው ቀሪውን ይረዳዋል።

ስለ አባትሽ ሁለት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ሱሱ የእናንተ ቤት እርግማን አይደለም። ፐርዱ ፋርማ የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ኦክሲኮንቲን የሚባለውን ጠንካራ የህመም ማስታገሻ በ1996 ለገበያ ሲያወጣ ሱስ የማስያዝ አደጋው ትንሽ ነው እየተባለ ነበር የተሸጠው። በ2007 ፐርዱ ፍሬድሪክ የተባለው እህት ኩባንያ በዚሁ ማሳሳት ጥፋተኛ መሆኑን ፍርድ ቤት ቀርቦ አምኗል። ታዞላቸው ኪኒን ዋጥ አድርገው ሥራ የተመለሱ ስንት ሺህ ሰዎች እዚህ ውስጥ ወድቀዋል። አባትሽ ሕመምተኛ ናቸው፤ መድኃኒትም አለው። ቡፕረኖርፊን የሚባለውን ከ2023 ወዲህ ያለ ልዩ ፈቃድ መደበኛ ሐኪም ማዘዝ ይችላል። ለእናትሽ ይህን ስሙን ጽፈሽ ስጫቸው። ሐኪሙን የማግኘት ነገር የትልልቆቹ ሥራ ይሁን፤ አንቺ ላይ አይደረብ።

ሁለተኛ፣ ናርካን ግዢ። አፍንጫ ውስጥ የሚረጭ ነው። አባትሽ ኪኒን አብዝተው ትንፋሻቸው ቢቆም ሕይወት ይመልሳል። ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፤ በነፃ የሚሰጡ የጤና ጣቢያዎችም አሉ። ከመንገድ የሚገዛ ኪኒን ውስጥ ፈንታኒል፣ በጥቂቱም ሊገድል የሚችል ጠንካራ ዕፅ፣ ሊኖር ስለሚችል ይህ ቅንጦት አይደለም። ከረጨሽ በኋላም ወዲያው 911 ደውዪ። ልብሽ ሲከብድ ደግሞ፣ ለራስሽም ቢሆን፣ 988 የሚባለው የጭንቀት ጊዜ የእርዳታ ስልክ አለ፤ ሌሊትም ቀንም ያነሳሉ።

ሪ መጨረሻ ላይ ቤቷን ታተርፋለች፤ ገንዘብም እጇ ይገባል። ልጆቹ ጥላን ትሄድ ይሆን ብለው ሲፈሩ አልሄድም ትላቸዋለች። ያን ቦታ ሳይ አንድ ነገር ቆጨኝ። ከዚያ በኋላ ምን ተምራ ምን ሠርታ እንደምታኖራቸው አልታየም። ያንቺን ግን ማየት እፈልጋለሁ።

ሰኞ የካውንስለሯን ቢሮ አንኳኪ። ቢልድ ዳኮታና ፋፍሳ ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ሳውዝኢስት ሄደሽ የመኪና ጥገና ወርክሾፑን እንዲያሳዩሽ ለምኚ፤ ትንሹን ወንድምሽንም ይዘሽው ሂጂ። የመልማዩን ቀጠሮ ወደ ሚቀጥለው ወር አዛውሪው። ከወርክሾፑ ስትመለሺ ምን እንዳየሽ ጻፊልኝ።