ማሽላ መሀል ሰማያዊ ገንዳ? ተው ወንድሜ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ከአባቴ የወረስኩት መሬት ላይ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ እየሰራሁ ነው፣ ዙሪያው ማሽላና ጤፍ ነው፣ የጉድጓድ ውሃ አለኝ። 8 በ4 ሜትር ስዊሚንግ ፑል አስቤ ነበር ግን እርሻው መሀል ሆቴል ሆቴል እንዲል አልፈልግም፣ ያናገርኳቸው ሁሉ ሰማያዊ ታይል ነው የሚያሳዩኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አብሽር፣ ሰማያዊ ታይል ግዴታ አይደለም። ውሃ ከስሩ ያለውን ነው የሚመስለው፣ ግራጫ ወይ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ልስን ካደረክበት ሰማዩንና ማሽላውን እያንጸባረቀ ከሩቅ ኩሬ ነው የሚመስለው። ጥቁር ግን እንዳታደርገው፣ ወለሉ ካልታየ ልጅ ቢሰምጥ ማን ያያል?

መሬቱንም በስካቫተር ደልድለህ ሜዳ አታድርገው። እርከን አለህ አይደል፣ ረጅሙን ጎን በእርከኑ መስመር አስተኛውና የታችኛውን ግድግዳ እዛው ማሳ ላይ በተለቀመ ድንጋይ አልብሰው፣ በታች የሚያልፍ ሰው የሚያየው ካብ ብቻ ይሆናል። ጠርዙ ላይ የሚያብረቀርቅ እብነ በረድ ምናምን አያስፈልግም፣ ሻካራ ድንጋይ ይበቃል፣ እግርም አያንሸራትትም።

ነፋሱን እይ! እኔ ራሴ ተቀጥቼበታለሁ፣ ወደ ሐይቅ ከተማ በኩል አንድ ገንዳ ስንሰራ አውድማው በየት በኩል እንደሆነ ሳልጠይቅ ቀረሁ፣ ታኅሣሥ ላይ የጤፍ ውቂያ ሲጀመር እብቁ ሁሉ ገንዳው ላይ ተነጠፈ፣ ጠዋት ስደርስ አንዲት ዶሮ መሬት መስሏት አንድ እግሯን ነክራ ግራ ገብቷት ቆማለች። ፊልተሩን በቀን ሦስቴ እያጠብን ነው የከረምነው። ስለዚህ ገንዳህ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይሁን፣ አውድማው ነፋሱ በሚሄድበት በኩል።

አፈርህ ዋልካ ከሆነ ደግሞ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል በክረምት ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ይሰነጥቅብሃል። ዋልካውን አውጥተህ በሰሌክትድ ማቴሪያል (በማያብጥ የተመረጠ አፈር) ሙላው፣ ከስሩ ጠጠርና ውሃ የሚያወጣ ቱቦ አድርግ፣ ክረምት ላይም ባዶ አታድርገው፣ ከስር ያለው ውሃ ገንዳውን ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ከገንዳው በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቁፈር፣ የሐምሌ ዝናብ የማሳውን ማዳበሪያ አጥቦ ካስገባብህ በትንሽ ቀን ውስጥ ውሃህ አረንጓዴ ነው።

ኬሚካል የለሽ ኩሬ አድርገው የሚልህ ካለ አትስማው፣ የረጋ ውሃና ሳር የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ ይወዳል። ክሎሪን ያለበትን ውሃም ወደ ጎረቤት ጤፍ እንዳትለቀው። ለልጆችና ለከብት አጥር የግድ ነው፣ ግን ቅንጭብ እንዳትተክል፣ ወተቱ ዓይን ያቃጥላል።

በመጨረሻ መጠኑ። 8 በ4 ያልከው አማካይ ጥልቀቱ 1.4 ሜትር ቢሆን ወደ 45 ሺህ ሊትር ነው፣ በ20 ሊትር ጀሪካን ከ2,200 በላይ ይሆናል፣ እሱን ደግሞ ጀሪካን ተሸክማ የምታልፍ ጎረቤትህ ታየዋለች። 6 በ3 አድርገው፣ ጥልቀቱ 1.3፣ ውሃው በግማሽ ይቀንሳል ለእንግዳም ይበቃል። ከቁፋሮው በፊት ግን ከጉድጓድህ አንድ ቧንቧ ወደ መንገዱ አውጣላቸው።