ወገቡን የያዘው ሁሉ ብርድ አልመታውም

ባለፈው ስለ ጉልበት ሕመም ጽፌ ነበር። የመጣልኝ ጥያቄ ግን አብዛኛው ስለ ወገብ ሆነ። ከደብረ ብርሃን፣ ከእነዋሪ፣ ከመንዝ፣ ከሸዋ ሮቢት። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ የሆነም ነበር፤ እግዜር ያክብርልኝ።

ከእነዋሪ አንድ አባወራ፦ በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል መደብ ስናወጣ ወገቤ ቆልፎ ይይዘኛል። ዲስኬ ተንሸራቶ ይሆን?

መረሬ መሬት የማያውቅ አንባቢ እንዲገባው፦ እነዋሪ ላይ ውሃው እንዲፋሰስ ጥቁሩን ጭቃ ጎንበስ ብለው በእጅ እየዛቁ ከፍ ያለ የእርሻ መደብ ያወጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ። ወገብዎ ዝም ቢል ነበር የሚገርመኝ።

የእርስዎ የጡንቻና የጅማት ነገር ይመስለኛል። ወገቤን ብለው ከሚመጡ አስር ሰዎች ዘጠኙ ላይ ይሄ ነው የሚባል የተለየ በሽታ አይገኝም። አብዛኛው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ዲስክ የሚባለው በአከርካሪ አጥንቶች መሐል ያለው ትራስ ነው፤ እሱ ነርቭ ሲጫን ሕመሙ ወገብ ላይ አይቀርም። ከመቀመጫ ተነስቶ ከጉልበት በታች እስከ እግር ይወርዳል፤ ያደነዝዛል፣ ሲያስሉ ይብሳል። እሱም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል።

ብቻ አይተኙ። አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ያባት ነው። ሳምንት አልጋ ላይ መዋል ግን ወገቡን ያደርቀዋል። ቀስ እያሉ ይንቀሳቀሱ። የከርሞው መደብ ሲደርስ ደግሞ በየግማሽ ሰዓቱ ቀና ይበሉ፤ ጭቃው የትም አይሄድም።

ከደብረ ብርሃን ባጃጅ ነጂ፦ ኤምአርአይ የሚባለውን የማግኔት ምርመራ ተነሳሁ፤ «ዲስክህ አብጦ ወጥቷል» አሉኝ። ሥራዬን ልተው?

ተረጋጋ ወንድሜ። ወገባቸውን አሟቸው የማያውቁ ሰዎች ኤምአርአይ ቢነሱ፣ በ20 ዓመታቸው ከመቶ ሠላሳው፣ በ50 ዓመታቸው ከመቶ ስድሳው እንዲህ ያለ ዲስክ ይገኝባቸዋል። እንደ ሽበት ቁጠረው። ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን እግርህንም ነካክቶ የሚያይ ሐኪም ፈልግ። እስከዚያው በየሰዓቱ ከባጃጇ ውረድና ተራመድ። ኪስህ ውስጥ ያለውን ዝርዝር ሳንቲምም ከመቀመጫህ ስር አውጣው።

መሬት ላይ መተኛት ይሻላል ወይስ ፍራሽ ላይ?

መጠነኛ ጥንካሬ ያለው ፍራሽ። በደብረ ብርሃን ብርድ ሲሚንቶ ላይ መተኛት ቅጣት እንጂ ሕክምና አይደለም።

ከሸዋ ሮቢት አንዲት እናት፦ ኩላሊቴ ነው ብዬ ውሃ በጆግ እየጠጣሁ ነው፤ ወገቤ ግን ያው ነው።

ሸዋ ሮቢት ሙቀት ላይ ውሃ መጠጣትዎ ይቀጥል። ግን ጎንበስ ሲሉ የሚብስ፣ ጋደም ሲሉ የሚቀል ሕመም ኩላሊት አይመስልም። የኩላሊት ጠጠር ከጎድን አጥንት ስር፣ ከጎን በኩል ነው። እየመጣ ይሄዳል፣ ወደ ብሽሽት ይወርዳል። ሰውዬው ምን ዓይነት አቀማመጥ እንደሚሻለው አያውቅም፤ ይንቆራጠጣል። ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥና ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ካለ የኩላሊት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ። የሽንት ምርመራ ርካሽ ነው፤ ከመገመት ይሻላል።

ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው። ጠዋት እንደ ሽማግሌ ነው የሚነሳው። ኳስ ሲጫወት ይሻለዋል፣ ሲያርፍ ይብስበታል። ሰነፍ ነው እንዴ?

ኳስ የሚጫወት ሰው ምኑ ሰነፍ ነው! የጠዋቱ መገተር ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየና ከሦስት ወር በላይ ካስቆጠረ፣ አከርካሪን የሚያስቆጣ የመገጣጠሚያ በሽታ ሊሆን ይችላል። በወጣትነት የሚጀምር ነው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ይየው።

ከመንዝ አንዲት ልጅ፦ እናቴ ከፋሲካ ወዲህ ወገቧን ታማለች። ብርድ ነው ብለን በቅቤ አሸናት፣ ወጌሻ ጋ ወሰድናት፣ ጠበልም ገባች። ማታ ያልባታል፤ ቀሚሷም ሰፍቷታል። አታስልም፤ ስለዚህ ቲቢ አይሆንም አይደል?

የኔ እህት፣ ይሄን ደብዳቤ ሁለቴ አነበብኩት።

የመንዝን ብርድ አውቀዋለሁ፤ በባናም አይበገርም። ጡንቻ ያኮማትራል፣ ወገብ ይይዛል። ግን ብርድ ሰው አያከሳም። ብርድ ሌሊት በላብ አያጠምቅም። እኛ አገር «ብርድ ነው» እና «ኩላሊቴ ነው» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ፤ አንዴ ከተባሉ ሌላ የሚጠይቅ የለም።

ቲቢ ያለ ሳልም ይመጣል። ጀርሙ ከሳንባ በደም ተጉዞ አከርካሪ ላይ ያርፍና አጥንቱን ከፊት በኩል ቀስ እያለ ይበላዋል። አጥንቱ ሲደረመስ ጀርባ ይጎብጣል። ህብለ ሰረሰር ከተጫነ እግር ይሰንፋል። ይድናል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው የሚሰጠው። ሕክምናው እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል። ሌላም እጠረጥራለሁ፦ ብሩሴሎሲስ። ካልተፈላ ወተት፣ ወይም የምትወልድና የምትጨነግፍ በግ በባዶ እጅ ሲነኩ ይይዛል፤ ትኩሳት፣ ላብና የወገብ ሕመም ያመጣል። መንዝ ደግሞ የበግ አገር ነው። ከሌላ ቦታ ወደ አጥንት የተዛመተ ዕጢም እንዲሁ ያከሳል። ለዚህ ነው ደምና ራጅ ሳይታይ የማይፈረደው።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ እዚያው መንዝ አንዲት ሴትዮ ሦስት ጊዜ መጡብኝ። ሁለቱን ጊዜ ዲክሎ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ወግቼ ሸኘኋቸው። በሦስተኛው ሊወጡ ሲሉ መሐረባቸው ወደቀ። ጎንበስ አላሉም። አንድ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ተክለው፣ ጀርባቸውን እንደ ምሰሶ ቀጥ አድርገው፣ ቁጢጥ ብለው አነሱት። ያኔ ነው ነጠላውን ያስገለጥኳቸው። በጣቴ አከርካሪያቸውን ስወርድ መሐል ላይ አንዷ አጥንት ጎላ ብላ ወጥታለች። ሁለት ጊዜ ወገባቸውን ሳላይ ወገባቸውን አክሜ ነበር። ቲቢ ነበር። ዳኑ፤ ጉብጠቱ ግን ቀረ።

እናትሽን በዚህ ሳምንት ወደ ሆስፒታል ውሰጃት፤ ጤና ጣቢያ ከቀረበሽ ከዚያ ሪፈር ያጽፉልሽ። ላቡንም መክሳቱንም አንቺው ተናገሪ፤ እሷ «ደህና ነኝ» ማለቷ አይቀርም። ጠበሉን ተዪ አላልኩሽም፤ መድኃኒቱም ጎን ለጎን ይወሰዳል። ወጌሻው ግን ከእንግዲህ ወገቧን እንዳይነካ። በተበላ አጥንት ላይ መጫን አደጋ ነው። እግሯ ከሰነፈ፣ ሽንት እምቢ ካላት ወይም ካመለጣት፣ በቅሎ ላይ ሲቀመጡ ኮርቻ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ ሳምንት የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን።

ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ ወገቧን ያማታል።

ብዙ ነፍሰ ጡር ያማታል። ጀሪካኑን አንተ ተሸከም። ደም ከታየ ወይም ሕመሙ እንደ ምጥ እየመጣ የሚሄድ ከሆነ ግን ቶሎ ሐኪም ጋ።

ገበያ ላይ የወገብ ቀበቶ አየሁ፤ ልግዛ?

አይ። በብሩ ደህና ጫማ ግዛና ተራመድበት።