የፎርክሊፍቱ ጭስ ራሴን ያመኛል፤ አልነዳም ብል ያባርሩኛል?

ጥያቄ፦ ዳላስ አካባቢ ዌርሃውስ ውስጥ የፕሮፔን ፎርክሊፍት እነዳለሁ። ሲበርድ በሮቹ ስለሚዘጉ ራሴን ያመኛል፣ ያጥወለውለኛል፤ ቤት ስገባ ይለቀኛል። ሱፐርቫይዘሩ «ፕሮፔን ንጹሕ ነው፣ ምንም አይሸትም» ይላል። አልነዳም ብል ያባርሩኛል? ሕክምናውንስ ማን ይከፍላል?

መልስ፦ ከሕጉ በፊት ደምዎን ያስመርምሩ። ሥራ ላይ የሚይዝ፣ ቤት ሲገቡ የሚለቅ ራስ ምታት መጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን መርዛማ ጋዝ ነው። እሱ ሽታ የለውም፤ የሚሸተው ፕሮፔኑ ራሱ ሲያፈስ ነው። ሞተሩ በቅጡ ካልተስተካከለ ፕሮፔንም ቢሆን ይህን ጋዝ በብዛት ያወጣል። ንጹሕ አየር እየተነፈሱ ለ4 ወይም ለ5 ሰዓታት ከቆዩ በደም ውስጥ ያለው የጋዙ መጠን በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ሐኪም ዘንድ በማግስቱ የሄደ ሰው ማስረጃው አምልጦታል። ሲያምዎ ከሥራ በቀጥታ ኢመርጀንሲ ይሂዱና የካርቦክሲሂሞግሎቢን ምርመራ (ጋዙን በደም ውስጥ የሚለካውን) ይጠይቁ። ጣት ላይ የምትሰካዋ የኦክስጅን መለኪያ ጋዙን ከኦክስጅን አትለይም፤ ተመርዘውም «98» ልታሳይ ትችላለች።

የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት (ኦሻ) ለዚህ ጋዝ ያስቀመጠው ወሰን በ8 ሰዓት አማካይ 50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር እጅ 50) ነው። ፎርክሊፍት ቢያንስ በቀን አንዴ ከመነዳቱ በፊት መፈተሽ፣ ጉድለት ያለበትም ከሥራ መውጣት አለበት። የዕለቱ መፈተሻ ቅጽ ላይ «ጭሱ ራስ ያሳምማል» ብለው ይጻፉና ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ወዲያ «አልሰማንም» ማለት ይከብዳቸዋል።

እምቢ ማለት ይቻላል፣ ግን በሩ ጠባብ ነው። አደጋው ለሞት ወይም ለከባድ ጉዳት የሚያሰጋ፣ ኦሻን ለመጥራት ጊዜ የማይሰጥ፣ አሠሪውም አስተካክል ተብሎ ያላስተካከለው መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሕጉን ጥበቃ የሚያጣው ተናዶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው። ሌላ ሥራ ስጡኝ ይበሉ፤ አምሞዎት ኢመርጀንሲ ካልሄዱ በቀር፣ ሂድ እስኪሉዎት ከሥራ ቦታው አይውጡ። ለኦሻ ፈርመው ሲያመለክቱ ስሜ ይደበቅ ማለት ይችላሉ። ከተባረሩ «ስላመለከትኩ ተበቀሉኝ» የሚል አቤቱታ ለኦሻ ማቅረቢያው 30 ቀን ብቻ ነው፤ በአማርኛ በቃልም ይቀበላሉ።

ሕክምናው ላይ ቴክሳስ ትለያለች፦ የግል አሠሪ ዎርከርስ ኮምፕ (የሥራ ላይ ጉዳት ኢንሹራንስ) እንዲገዛ አይገደድም። ኢንሹራንሱ ካለው ጉዳትዎን በ30 ቀን ውስጥ ለአሠሪው ያሳውቁ፤ ለክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት ደግሞ በ1 ዓመት ውስጥ የካሳ መጠየቂያውን ቅጽ 041 ያስገቡ። ከሌለው በቸልተኝነት መክሰስ ይችላሉ፤ ቸልተኝነቱን ማስረዳት የእርስዎ ነው፤ አሠሪው ግን «ሠራተኛውም ጥፋት አለበት» ብሎ ሊከላከል አይችልም። ሲቀጠሩ የፈረሙትን ወረቀት አውጥተው ይዩ። ክርክሩ በፍርድ ቤት ሳይሆን በግልግል ዳኛ ይታያል የሚል አንቀጽ ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ይገኛል።